የቫርና ወርቅ የማን ነበር?

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማወራችሁ ቡልጋሪያ ውስጥ፣ ጥቁር ባሕር ዳር ስላለችው ቫርና ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. አንድ የኤክስካቫተር ኦፕሬተር ከሐይቁ አጠገብ ቦይ ሲቆፍር ወርቅ አገኘ። አርኪዮሎጂስቶች መጡ። በኢቫን ኢቫኖቭና ባልደረቦቹ የተመራው ቁፋሮ እስከ 1991 ቀጠለ። ወደ 300 የሚጠጉ መቃብሮች ወጡ። ከ3,000 በላይ የወርቅ ቁሶች፣ በጠቅላላው 6 ኪሎ ግራም ገደማ። ዘመናቸው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ4600 እስከ 4300 ድረስ ነው። ከጊዛ ፒራሚዶች በ2,000 ዓመት አካባቢ ይቀድማሉ ማለት ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን የወርቁ ብዛት ሳይሆን አከፋፈሉ ነው። መቃብር ቁጥር 43ን እንይ። ከ40 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ነው። ክንዱ ላይ የወርቅ አምባር፣ አብሮት እጀታው ወርቅ የለበሰ የድንጋይ መጥረቢያ አለ። ለብልቱ ሳይቀር የወርቅ ልባጥ ተሠርቶለታል። (አትሳቁ፣ ሙዚየም ውስጥ ነው ያለው።) እሱ ብቻውን 1.5 ኪሎ ያህል ወርቅ ይዞ ተቀብሯል። የብዙዎቹ ጎረቤቶቹ ድርሻ ግን ጥቂት የሸክላ ዕቃ ወይም የባልጩት ስለት ነበር።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር። ከቫርና ከተገኙት መካከል ከኤጂያን ባሕር በመጣ ዛጎል የተሠራ አምባር አለ። ተሰብሮ ነበር። የጠገኑት በወርቅ ነው! እኛ ብንሆን ዛጎሉን ጥለን ወርቁን እንይዝ ነበር። ለእነሱ ከሩቅ የመጣው ዛጎል ውድ ነበር።

ከሁሉ የሚያስቸግሩት ባዶዎቹ መቃብሮች ናቸው። አጽም የለም፤ ዕቃው ግን ሞልቷል። በሦስቱ ውስጥ ከጭቃ የተሠራ የሰው ፊት ተቀምጧል፤ ዓይኑና አፉ ላይ ወርቅ ተለጥፎበታል። ቁጥር 36 ደግሞ ሰው ሳይኖርበት ከ850 በላይ የወርቅ ቁሶች ይዟል፤ የሥልጣን በትር የሚመስል ጭምር። ርቆ ለሞተ ሰው መታሰቢያ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ክብሩ የሹመቱ እንጂ የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም ባይ ነኝ። ያን ሁሉ ሀብት አፈር ያስገቡት ደግሞ ቋሚዎቹ ናቸው። ትልቅ ተዝካር ደግሶ ስሙን የሚያስጠራ ቤተሰብ ለምናውቅ ለእኛ ይህ አይጠፋንም።

ሀብቱ ከየት መጣ? አንዱ መልስ መዳብ ነው፤ በዚያው ቡልጋሪያ አይ ቡናር የሚባል ጥንታዊ የመዳብ ማዕድን ማውጫ አለ። ሌላው ጨው ነው። ከቫርና ብዙም በማይርቀው ፕሮቫዲያ፣ ቫሲል ኒኮሎቭ በቆፈረው ቦታ፣ ሰዎች ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ5500 ገደማ ጀምሮ ጨዋማ የምንጭ ውሃ እያፈሉ ጨው ያወጡ ነበር። ጨው ለሰውም ለከብትም የግድ ነው፤ በእጁ የያዘ ደግሞ ይደራደራል።

«ታዲያ ንጉሥ ነበራቸው?» ትሉኝ ይሆናል። ለመቸኮል ምክንያት የለንም። ቤተ መንግሥት አልተገኘም፣ ጽሑፍም የለም። በሐይቁ ዙሪያ የነበሩት መንደሮች ዛሬ ውሃ ውስጥ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ሳይደርስ ደግሞ በአካባቢው ብዙ መንደሮች ተትተዋል። የአየር ንብረት ለውጥ ነው የሚሉ አሉ፤ ከሰሜን ምሥራቅ ሣር ምድር የመጡ ሰዎች ናቸው የሚሉም አሉ። ክርክሩ አልተቋጨም።

አሁን የቁጥር 43ን ፎቶዎች ላሳያችሁ፤ ጥያቄያችሁን እዚያው ላይ አንሱት። አመሰግናለሁ።