የተሸፈነው ግራፍ

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ሰሞኑን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ አንድ ግራፍ ላወራችሁ ነው።

ጥቁር ነጥቦች ተደርድረዋል። መሃል ላይ ትንሽ ጉብታ አለች። ለማያውቃት ምንም አይደለችም። የፊዚክስ ሰዎች ግን እሷን ለማየት 30 ዓመት ገደማ ለፍተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቢ-ኤስ የሚባል ቅንጣት አለ። አንድ ሴኮንድ ለትሪሊዮን ቢከፈል፣ የሱ ዕድሜ አንድ ተኩል ክፋይ ቢሆን ነው። ከዚያ ይፈርሳል። ወደ ሁለት ሙዮኖች (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመዶች) ብቻ የሚፈርሰው ግን፣ ስታንዳርድ ሞዴል የተባለው የቅንጣቶች ንድፈ ሐሳብ እንደሚለው፣ ከቢሊዮን 3 ወይም 4 ጊዜ ነው። እስካሁን ያላወቅነው ቅንጣት ካለ ይህን ቁጥር ከፍ ወይም ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። ለዚህ ነው የሚፈልጉት። ያቺ ጉብታ የዚህ አፈራረስ ምልክት ናት።

ፍለጋው ጄኔቫ አጠገብ ባለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል፣ ሰርን ውስጥ፣ 27 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ባለው የከርሰ ምድር ቀለበት ነው። ፕሮቶኖች ይጋጫሉ፣ መሣሪያው ይመዘግባል። እኔን የነካኝ ግን ማሽኑ አይደለም።

ተመራማሪዎቹ ጉብታዋ ትወጣበታለች ያሉትን የግራፉን ክፍል ከራሳቸው ይሸፍኑታል። የቱን መረጃ እንደሚጥሉ፣ የቱን እንደሚያስቀሩ ሳያዩ ይወስናሉ። ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የሚገለጠው። ለምን? ሰው የሚመኘውን ማየት ይቀናዋላ! ዓመታት የለፋህበትን ነገር ከራስህ ዓይን መደበቅ፣ እስቲ አስቡት።

በ2012 የመጀመሪያው ምልክት ታየ። በ2015 ሲኤምኤስና ኤልኤችሲቢ የተባሉት ሁለት ቡድኖች መረጃቸውን አዋህደው በኔቸር መጽሔት አወጡት። አለች! ያውም ንድፈ ሐሳቡ ከሚለው ጋር የምትስማማ። አዲስ ፊዚክስ ለጠበቀ ሰው ቅር ያሰኛል፣ ይገባኛል።

ከዚያ የባሰም መጣ። በ2021 ኤልኤችሲቢ በሌላ ብርቅ የቅንጣት አፈራረስ ላይ፣ ወደ ሙዮንና ወደ ኤሌክትሮን የሚፈርስበት መጠን እኩል መሆን ሲገባው እኩል አይመስልም አለ። ዓለም ጉድ አለ። በ2022 መጨረሻ ያው ቡድን እንደገና ፈትሾ፣ ኤሌክትሮን ተብለው የተቆጠሩ ሌሎች ቅንጣቶች እንደነበሩ አገኘ። ልዩነቱ ጠፋ። ያንን ያህል የተወራለትን ውጤት በገዛ እጃቸው አፈረሱት። ያን ዜና ሳነብ አከበርኳቸው፣ ከልቤ።

ግራፏን አሁንም እያየኋት ነው። ከጉብታዋ በስተግራ የቢ-ኤስ ዘመድ የሆነው የቢ-ዜሮ ቅንጣት ቦታ አለ፤ እሱ እንደዚህ የሚፈርሰው ከ10 ቢሊዮን አንዴ ገደማ ነው። እስካሁን በእርግጠኝነት አልታየም። እየፈለጉት ነው።