ለንደንን ለብቻ፤ ማታውን ቲያትር

ሄለን፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የምናወራው ለንደንን አንድ ቀን ለብቻው ዞሮ ማታ ቲያትር ለሚገባ ሰው ነው። ብሩክ፣ ከየት እንጀምር?

ብሩክ፦ ከማታው። ሙዚየም አርፍዶ የሚገባን ሰው ማንም አይቆጣውም። ቲያትር ግን በሰዓቱ በሩ ይዘጋል። ያረፈደ ሰው የሚገባው ትዕይንቱ መሀል ክፍተት ሲገኝ ነው፤ አንዳንዱ ቤት ጭራሽ እስከ እረፍቱ ያስጠብቃል። ስለዚህ ቀኑን ከመጋረጃው ወደ ኋላ ነው የምትቆጥሩት።

ሄለን፦ ሰዓቱም ያሳስታል። ትኬቱ ላይ 7:30 ካለ በእኛ ከምሽቱ 1:30 ነው። የቀኑ ትዕይንት ብዙ ጊዜ 2:30 ይላል፤ እሱ በእኛ ከቀኑ 8:30 ነው። ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ «ሁለት ተኩል» ከተባለ ማታ ሊመስለው ይችላል። ስልካችሁ ላይ 14:30 ወይም 19:30 ብላችሁ መዝግቡት፣ ያኔ አያምታታም።

ብሩክ፦ ትኬቱ ላይ ብቸኛ ሰው ዕድለኛ ነው። ሰው የሚገዛው ጥንድ ጥንድ እየሆነ ስለሆነ መሀል ላይ አንድ አንድ ወንበር ይተርፋል። ጥሩው ቦታ ላይ የቀረችውን ያቺን አንድ ወንበር ባልና ሚስት አይወስዷትም፣ ብቻውን የመጣው ይወስዳታል። ትዕይንቱ ሊደርስ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው የወንበሩን ካርታ እንደገና ክፈቱት።

ሄለን፦ የዕለቱን ትኬት በቅናሽ የሚፈልግ ደግሞ ሌስተር ስኩዌር አደባባይ ላይ ቲኬቲኤስ የሚባለው ትኬት መሸጫ አለ። የአትክልት ቦታው ዳር፣ ባለ ሰዓት ማማው ቤት ነው። ዙሪያውን «ግማሽ ዋጋ» የሚል ጽሑፍ የለጠፉ ሱቆች ስላሉ ማማውን አይታችሁ ሂዱ።

ብሩክ፦ ርካሽ ወንበር ሲገኝም ለምን እንደረከሰ ጠይቁ። ስቶልስ የሚሉት ምድሩ ነው። ድሬስ ሰርክል የመጀመሪያው ሰገነት፣ አፐር ሰርክል ከሱ በላይ ያለው። ስቶልስ ኋላ ላይ ከተቀመጣችሁ የላይኛው ሰገነት እንደ ቆብ ይደፋባችኋል፤ መድረኩ ላይ ከፍ ብሎ የሚሠራውን አታዩም። ሰገነቱ ፊተኛ ረድፍ ላይ ደግሞ የመከላከያው ብረት ዓይን ላይ ይመጣል። ትኬቱ «ሪስትሪክትድ ቪው» ካለ ምሰሶ ወይም ብረት አለ ማለት ነው። አንዱን የመድረክ ጥግ ብቻ ከጋረደ ችግር የለውም፣ መሀሉን ከጋረደ ግን ገንዘባችሁን አታውጡ።

ሄለን፦ ቤቶቹ ብዙዎቹ ያረጁ ናቸው፤ ወደ ላይ ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ ሊፍት የሌላቸውም አሉ። ጉልበት የሚያመው ሰው ሲገዛ ይጠይቅ። እረፍቱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ነው፣ የሴቶች ሽንት ቤት ሰልፍ ደግሞ እሱን ሙሉ ይበላዋል። መብራቱ እንደበራ መነሳት ነው።

ብሩክ፦ እሺ፣ ጠዋቱስ?

ሄለን፦ ለሐበሻ ቪክቶሪያ ኤንድ አልበርት ሙዚየምን አስቀድማለሁ። መግቢያው ነፃ ነው፣ የሚከፈለው ለልዩ ኤግዚቢሽን ብቻ ነው። የሚከፈተው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ሳውዝ ኬንዚንግተን ባቡር ጣቢያ ስትወርዱ መንገድ ላይ ሳትወጡ በምድር ውስጥ መተላለፊያው ቀጥ ብላችሁ መድረስ ትችላላችሁ፣ ዝናብ ካለ ያድናል። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድና ጽዋ እዚህ ሙዚየም ነው ያለው።

ብሩክ፦ ዝም ብሎ እየዞሩ መፈለግ ግን ያደክማል።

ሄለን፦ በጣም! ሕንፃው ሰፊ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ድረ ገጻቸው ላይ ዕቃውን ፈልጉ፤ ለእይታ የቀረበ ከሆነ የክፍሉን ቁጥር ይነግራችኋል። ቀርባችሁ ስታዩት ዘውዱ ተደራራቢ ነው፣ በቀጭን ሽቦ የተሠራ ጌጥና ባለ ቀለም የመስታወት ፈርጥ አለው። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉትን ጽላቶች ለማየት ብሎ የሚሄድ ግን አይልፋ፤ ለጎብኚ አይታዩም።

ብሩክ፦ ከሳውዝ ኬንዚንግተን በፒካዲሊ የባቡር መስመር ሌስተር ስኩዌር አምስተኛው ጣቢያ ነው። የቲያትር ሰፈሩ ኮቨንት ጋርደን ለመድረስ አንድ ጣቢያ አትጨምሩ፤ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። እዚያ ከወረዳችሁ ወይ ሊፍት ትሰለፋላችሁ ወይ 193 ደረጃ ትወጣላችሁ።

ሄለን፦ ክፍያውን ንገራቸው።

ብሩክ፦ አውቶቡስ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። የባንክ ካርድ ወይም ኦይስተር የሚባለውን የጉዞ ካርድ ማሽኑ ላይ ታስነካላችሁ። ባቡር ላይ ስትገቡም ስትወጡም፣ አውቶቡስ ላይ ስትገቡ ብቻ። ሰው የሚሳሳተው ጠዋት በካርዱ ገብቶ ከሰዓት በስልኩ ሲያስነካ ነው። ካርዱ አንድ ቢሆንም ማሽኑ እንደ ሁለት ሰው ነው የሚቆጥረው፤ የቀኑ ጣሪያ፣ ማለትም በቀን ከዚያ በላይ የማይቆረጥበት መጠን ላይ ሳትደርሱ ትከፍላላችሁ። በአንዱ ገብቶ በሌላው መውጣት ደግሞ ሁለት ያላለቀ ጉዞ ነው፣ ቅጣት ያህል ይቆርጣል።

ሄለን፦ ምሳ ላይ ብቻውን ሬስቶራንት መግባት የሚከብደው ሰው ከሱፐርማርኬት «ሚል ዲል» ይግዛ፤ ሳንድዊች፣ መክሰስና መጠጥ በአንድ ዋጋ ነው። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ «ቪጋን» የሚለውን ፈልጉ። «ቬጀቴሪያን» የሚለው እንቁላልና አይብ ሊኖረው ስለሚችል ለጾም አይሆንም።

ብሩክ፦ አሁን ግሎብ። ለእኔ በእንግሊዝ በጋ ላይ ለብቸኛ ሰው ከዚህ የሚሻል የለም። እ.ኤ.አ. የ1599ኙን የሼክስፒር ቲያትር ቤት አስመስለው ከቴምዝ ወንዝ ዳር የሠሩት ነው፣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። መሀሉ ሜዳ ነው፣ ጣሪያ የለውም። እዚያ ቆሞ ለማየት ትኬቱ ከወንበሩ በብዙ ይረክሳል።

ሄለን፦ ቆሞ ማለት ግን የምር ቆሞ ነው። ትዕይንቱ እየሄደ መሬት መቀመጥ አይፈቀድም። ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ የዞረ እግር እዚያ ላይ ነው የሚከዳው። ለዚህ ነው ከሰዓቱን አታጭቁት የምንለው። ጃንጥላ ክልክል ነው፣ ኮፍያ ያለው የዝናብ ልብስ ያዙ።

ብሩክ፦ በር ሲከፈት ቀድማችሁ ግቡና መድረኩን ተደገፉ። ካልሆነ የኋላውን ግድግዳ። መሀል የቆመ መደገፊያ የለውም። እንግሊዝኛው የድሮ ስለሆነ ታሪኩን አንብባችሁ ሂዱ። ኦቴሎ ወይም ሐምሌት ከሆነ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሷቸዋል፣ እሱን ያነበበ ሰው መድረኩ ላይ አይጠፋበትም።

ሄለን፦ ከትራፋልጋር አደባባይ ወደ ግሎብ በእግር መሄድ ይቻላል። ኢምባንክመንት ላይ የእግረኛውን ድልድይ ተሻግሮ፣ ወንዙን በግራ ይዞ ወደ ምሥራቅ። ዝግ ብሎ ለሚሄድ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለመመለስስ?

ብሩክ፦ ለንደን ብሪጅ ጣቢያ ቅርብ ነው። ዓርብና ቅዳሜ ጁብሊ እና ኖርዘርን መስመር ሌሊቱንም ይሠራሉ፤ ኖርዘርኑ ሌሊት የሚሄደው ግን በቼሪንግ ክሮስ በኩል ስለሆነ ለንደን ብሪጅን አይነካም። እዚያ ጁብሊን ያዙ።