ኩሽኔታውን ማን ገደለው?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ሞተር ሳይክል የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ጎማው እንዲዞር መሃሉ ላይ ስለሚገባው፣ ኳሶች ስላሉበት ክብ ብረት። አውቃለሁ፣ ቡና ይዞ የሚደመጥ ርዕስ አይመስልም። ትንሽ ታገሡኝ።

ሞተር የሚነዳ ሰው ሲገናኝ ወሬው ስለ ጉልበት ነው። ዘይት ቀየርኩ፣ ካርቡሬተር አስጠረግኩ፣ ካቴና አጠበቅኩ። ጎማው የሚዞርበትን ነገር ግን እስኪጮህ ድረስ ማንም አያነሳውም። ሲጮህ ደግሞ ጥፋቱ በሙሉ ወደ መንገዱ ይሄዳል። "ኮብልስቶኑ ጨረሰው"፣ "ፒስታው በላው" ይባላል። መንገዱ ምንም አላደረገም አልልም። እኔ ግን እየቆየሁ ወደ ሌላ ሐሳብ መጥቻለሁ። ብዙውን ጊዜ ኩሽኔታውን የሚገድለው እንክብካቤያችን ነው።

ከላቫጆ እንጀምር። አጣቢው ጭቃውን ለማስለቀቅ ብሎ የውሃውን ጫፍ የጎማው መሃል ላይ አስጠግቶ ይይዛል። ኩሽኔታው ጎን ላይ ያለችው ቀጭን የጎማ ሽፋን አቧራና ዝናብ ትከላከላለች እንጂ ያንን ግፊት አትችልም። ውሃው ይገባል፣ ግራሶው ይበላሻል፣ ብረቱ ይዝጋል። ሞተሩ ግን እያብረቀረቀ ይወጣል። እኔ መሃሉን በጨርቅ ብቻ እጠቡልኝ ስል ልጆቹ የሚያዩኝን አስተያየት ብታዩ!

ቀጥሎ ግራሶ። አዲስና ግራና ቀኙ የተዘጋ ኩሽኔታ ግራሶው ከፋብሪካ ገብቶለት ነው የሚመጣው። ያውም አይሞላም፤ ብዙውን ጊዜ ከባዶው ቦታ ሲሶ ያህሉን ብቻ ነው የሚይዘው። ሲበዛ ኳሶቹ ግራሶውን ሲያቦኩ ይውላሉ፣ ኩሽኔታው ይሞቃል። የእኛ መካኒክ ግን እንግዳ በሞቴ ብላ እንደሚሉ እናቶች ነው፤ ሽፋኗን በመርፌ ፈንቅሎ ይጨምርበታል። ሽፋኗ አንዴ ከተጣመመች እንደ ድሮዋ አትገጥምም። የቸርኬውን ባዶ መሃል በግራሶ የሚሞላም አለ። ያ ግራሶ ወደ ተዘጋው ኩሽኔታ አይገባም። አምልጦ የፍሬን ሸራው ላይ ከደረሰ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በእጅ ግራሶ የሚፈልገው ክፍት የሆነው ዓይነት ነው፤ እሱም በልክ።

አሁን ወደ መዶሻው። በጣም የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ኩሽኔታ ሁለት ቀለበት አለው፣ የውጭና የውስጥ። ወደ ቸርኬው የሚጠብቀው የውጭው ነው። ስለዚህ ሲገባ መመታት ያለበት የውጭው ብቻ ነው። የውስጡን ከመታችሁት ምቱ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፣ ኳሶቹ የሚሄዱበትን መንገድ ያጎደጉዳል። ገና ሳይዞር ታመመ ማለት ነው። አሮጌው ሲወጣ የሚመታው የውስጡ ስለሆነ፣ የወጣውን መልሶ መግጠም የለም። አሮጌውን ግን አትጣሉት፤ አዲሱ ላይ ደርባችሁ ብትመቱት ምቱ እኩል ይደርሳል። ቸርኬውን ትንሽ ማሞቅና አዲሱን ፍሪዘር ውስጥ ማሳደር ደግሞ የመዶሻውን ሥራ ግማሽ ያቀለዋል።

በሁለቱ ኩሽኔታዎች መሃል የምትቀመጥ ቱቦ አለች። ሥራዋ የውስጥ ቀለበቶቹን አራርቆ መያዝ ነው። ተረስታ ከቀረች፣ አክስሉ፣ ማለትም በጎማው መሃል የሚያልፈው ዘንግ፣ ሲጠብቅ ሁለቱም ወደ መሃል ይጨመቃሉ። አዲስ ኩሽኔታ በአጭር ጊዜ ሲሞት ሰው "ፎርጅድ ሸጡልኝ" ይላል። ፎርጅድማ አለ፣ ሞልቷል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቱቦዋ ነው። አንዱን እስከ መጨረሻው አስገቡ፣ ቱቦዋን ጨምሩ፣ ሌላው ቱቦዋን ሲነካ አቁሙ። ከዚያ በላይ አንድም ምት አያስፈልግም።

ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ልትገዙ ስትሄዱ "የቦክሰር ኩሽኔታ" ከማለት ቁጥሩን ተናገሩ። ጎኑ ላይ ተጽፏል። 6202 ከሆነ የትም አገር ቢሠራ፣ ሞተር ላይ ይግባ የውሃ ፓምፕ ላይ፣ ቀዳዳው 15፣ ውጩ 35፣ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ነው። ሻጩም ቁጥር የሚያውቅ ደንበኛን በሌላ ዓይን ያያል፤ ዋጋውም ይለሳለሳል።

መፈተሹ ቀላል ነው። ሞተሩን በትልቁ መቆሚያ አቁሙ። ጎማውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ግራና ቀኝ ነቅንቁት። ከተንቀጫቀጨ አበቃ። ጎማውን ካወጣችሁት ደግሞ ጣታችሁን ከትታችሁ የውስጡን ቀለበት አዙሩ። አሸዋ ያለበት ከመሰላችሁ አትጠራጠሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ሞተሮች የኋላ ጎማ ላይ ሦስተኛ ኩሽኔታ አለ፣ ካቴናው የሚጎትተው ጥርስ ያለበት ክፍል ውስጥ። ሁለቱ ተቀይረው እሱ ይተዋል፣ ጩኸቱም ይቀጥላል። ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት "ሦስተኛውስ?" በሉ።