አያቴ ለምን ጨለማ ውስጥ ይሠሩ ነበር

በደብረ ብርሃን ለአንድ አነስተኛ የብረት መፈተሻ ክፍል መክፈቻ የተዘጋጀ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ከአንኮበር፣ ከጣርማ በርና ከመንዝ ድረስ መጥታችሁ ይህን ብርድ የታገሳችሁልን ባለእጆች፤ እንደምን አደራችሁ።

የተሰጠኝ 15 ደቂቃ ነው። ፕሮግራሙ ላይ «ስለ ብረት ባሕርያትና ስለ አሠራሩ የተደረጉ ጥናቶች» ይላል። ርዕሱን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ስለ እሱም እናገራለሁ። ብቻ እንደምታውቁኝ አንድ ነገር ከያዘኝ አልለቅም። ሰዓት የሚይዘው ልጅ ካሁኑ ይወቀው።

አያቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ።

ይህን አደባባይ ላይ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ሃምሳን አልፌያለሁ። ባለቤቴ እንኳ የሰማችው ከተጋባን በኋላ ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው።

መንደራችን ከጎረቤላ ቁልቁል፣ ወደ አልዩ አምባ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበረች። የአያቴ መሥሪያ ጎጆ መስኮት የላትም። በሯ ጠባብ ነው፤ እሱም ላይ ጆንያ ይጋረዳል። ውስጧ ከሰል፣ የፍየል ቆዳ ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ መዶሻ፣ አንድ ገንዳ ውሃ። ወናፉን የምነፋው እኔ ነኝ። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። እንቅልፍ ከወሰደኝ እሳቱ ይነግርባኛል።

መንደርተኛው ማረሻውን ደጅ ጥሎ ይሄዳል። አይገባም። አያቴ ለምን ጨለማ ውስጥ እንደሚሠሩ ሁሉም ያውቃል። ቡዳ ናቸዋ! ቡዳ ብርሃን አይወድም። ሌሊት ጅብ ይሆናል። ደቦ ሲጠራ ጠላው ለሁሉ በዋንጫ ይዞራል፤ ለአያቴ በሰባራ ቅል ይመጣል። ቅሏ ለብቻዋ አጥር ላይ ተሰቅላ ትውላለች። የልጅ ልጃቸው የሚሆን ጎረምሳ «አንተ» ይላቸዋል። በማግሥቱ ያው ጎረምሳ ማረሻው ዶልዱሞ ደጅ ይጠናል።

ትምህርት ቤት ስገባ «የቀጥቃጭ ልጅ» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ቀረሁ። ከዚያ አያቴን ትቼ ትምህርቴን ያዝኩ። ትቼ ስል ሰው ፊት አያቴ ናቸው ማለት አቆምኩ ማለቴ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያደረገው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ።

አሁን ወደ አንድ ቀን ልውሰዳችሁ። ሙቀቱ በዛብኝ። አያቴ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ጆንያውን በትንሹ ገለጥ አደረግሁት። የቀትር ፀሐይ ገባች። አያቴ ዞረው ማረሻውን አዩት። «ገና ነው፤ ንፋ» አሉኝ። ነፋሁ። እንደገና አዩት። «ንፋ።» ነፋሁ። ከዚያ በጉጠት አንስተው ጫፉን ውሃው ውስጥ ሲነክሩት አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጠጭ! ማረሻው ከጫፉ ተሰንጥቋል።

ብረቱን አላዩም። ቀጥ ብለው ያዩት በሩን ነው። «ቀለሙን ሰረቅከኝ» አሉ።

ማረሻው የሰው ነው። ከራሳቸው ባሌስትራ፣ ከመኪና ሞላ ብረት፣ ቆርጠው ሌላ ሠርተው ሰጡ። እኔን አልመቱኝም። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀለም መስረቅ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ የመማሪያ ክፍል ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። መምህሩ ስለ አንድ ሩሲያዊ ያወራል። ዲሚትሪ ቼርኖቭ ይባላል። ሴንት ፒተርስበርግ በሚገኘው የኦቡኮቭ ብረት ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። ፋብሪካው መድፍ ይሠራል፤ መድፎቹ ግን ሲተኮሱ ይፈነዳሉ። የሚያስገርመው ብረቱ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። አንዱ መድፍ ይጸናል፣ ሌላው ይፈነዳል። ቼርኖቭ የተሰበሩትን አንስቶ ስብራታቸውን ተመለከተ። የፈነዱት ሸካራ ናቸው፤ እንደ ጨው ድንጋይ ፍርክስክስ ያለ እህል አላቸው፤ እህል የምንለው ብረቱ የተገጣጠመበትን ቅንጣት ነው። የጸኑት ደቃቅ ናቸው። ምስጢሩ ሲቀጠቀጡ በነበራቸው ሙቀት ላይ ነበር። በ1868 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አቀረበ። ብረት ሲግል ውስጡ የሚለወጥባቸው የታወቁ የሙቀት ነጥቦች አሉት፤ ከዚያ በታች ብትነክረው አይጠነክርም፣ ከልክ በላይ ብታግለው እህሉ ይሸክራል አለ። ዛሬ የምናስተምረው የብረት ሳይንስ ትልቁ በር የተከፈተው ያኔ ነው።

ታዲያ ቼርኖቭ ሙቀቱን በምን ለካው? በዚያ ዘመን ለዚህ የሚሆን መሣሪያ አልነበረውም። በዓይኑ ለካው። በብረቱ ቀለም!

ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ጎጆዋ መጣችብኝ። የጋለ ብረት ፀሐይ ላይ ስታየው ቀለሙ ይደበዝዛል። 800 ዲግሪ የደረሰው 700 ይመስልሃል። ገና ነው ብለህ ትጨምራለህ። እህሉ ይሸክራል። ስትነክረው ይሰነጠቃል። አያቴ መስኮት ያልከፈቱት ቴርሞሜትራቸው ጨለማ ስለነበረ ነው። መንደሩ በሙሉ ቡዳነት ያለው ነገር መለኪያ ነበር!

ያው 1868 እኮ በእኛ 1860 ዓ.ም. ነው። የመቅደላ ዓመት። አጤ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት፣ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው የነሐስ መድፍ ሴባስቶፖል መቅደላ የቀረበት ዓመት። እዚያ ስለ መድፍ የሚጨነቅ ሰው፣ እዚህም ስለ መድፍ የሚጨነቅ ንጉሥ ነበር። የእነሱ ሰው ያየውን ጻፈ፤ የጻፈውን ሌሎች ሞከሩት። እኛ ዘንድ ቀለም የሚያነብ ሰው በየመንደሩ ነበር። በሰባራ ቅል ጠላ ሰጠነው።

እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት አጤ ምኒልክ ነገሩ ገብቷቸው ነበር። በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን ጠይብ፣ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያላችሁ አትስደቡ ብለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ ቀርቷል? እናንተው መልሱ። አሁን ያለው ስድብ ሱፍ ለብሶ ነው የሚመጣው።

ነገሩን ልንገራችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የጥናት ሐሳብ ጽፌ ለአንድ መሥሪያ ቤት አስገባሁ። የሰሜን ሸዋ ቀጥቃጮች የሚሠሩትን ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ሰብስቤ ልፈትሽ፤ ጠጣርነቱን ልለካ፣ በማይክሮስኮፕ ልይ፣ ከዚያ አንድ ላይ ተቀምጠን እናሻሽለው የሚል ነው። ብዙ ገንዘብ አልጠየቅሁም። መልሱ በአንድ መስመር መጣ። «ጥናቱ የቴክኖሎጂ ደረጃውን አይመጥንም።» ደብዳቤውን ያመጣልኝ ልጅ ዓይኔን ማየት አልቻለም።

ደረጃውን አይመጥንም! ስንዴውን፣ ጤፉን፣ ገብሱን የሚያወጣው ማረሻ ደረጃውን አይመጥንም! ወረቀቱ የተፈረመበት ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ጠዋት የበላው እንጀራ ከየት የመጣ መስሎት ነው? እዚያው ቢሮ ግድግዳ ላይ ከውጭ አገር የተኮረጀ ጥናት በመስታወት ተሰቅሏል። ለጠፈር መንኮራኩር ስለሚሆን ቅይጥ ብረት። ጥናቱን አልጠላሁትም። ግን መንኮራኩር ያለው ማን ነው? ደነባ ላይ አንድ አያችሁ እንዴ? የቅርብ ጠበል የልጥ መንከሪያ ይሆናል የሚባለው ለካ ስለ እኛ ኖሯል።

እሺ። ውሃ ልጠጣ።

አሁን ጥናቱ የሚለውን ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ አዘጋጆቹ ይቀየሙኛል። የምንገነባበት ብረት ንጹሕ ብረት አይደለም፤ ካርቦን አለበት። ተራ ፌሮ ከመቶ 0.2 አካባቢ ካርቦን ይይዛል። ባሌስትራ 0.6 አካባቢ። የልዩነቱን ማነስ እዩት። ከመቶ እጅ ግማሽ እጅ አይሞላም። ግን ፌሮውን አግለህ ብትነክረው ብዙም አይጠጥርም፤ ባሌስትራው ሞረድ የማይበላው ይሆናል። አያቴ ማረሻ ከፌሮ አልሠራም ይሉ ነበር። «ይሄ ውሃ አይጠጣም» ይሉታል። ካርቦኑን ነበር ያሉት፤ ስሙን አላወቁትም እንጂ።

ብረቱ 727 ዲግሪ ሲያልፍ ውስጡ ያሉት አቶሞች አሰላለፋቸውን መቀየር ይጀምራሉ። ካርቦኑ በመሃላቸው ይሟሟል። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ካርቦኑ ይወጣል። በድንገት ከተነከረ መውጫ ያጣል፤ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ብረቱ ይወጠራል፣ ይጠጥራል፤ እንደ ሸክላም ይሰበራል። ማርቴንሳይት የምንለው ይህን ነው። ስለዚህ መጠንከር ብቻውን ምንም አይደለም። ተመልሶ በልኩ ሞቅ ማለት አለበት፣ ውጥረቱ እንዲረግብ።

አያቴ ይህን እንዴት ያደርጉ ነበር? ባለእጆች ታውቁታላችሁ፤ ለተማሪዎቹ ልንገር። የማረሻውን ጫፍ ብቻ ይነክራሉ። ወገቡ እንደጋለ ነው። ያወጡትና ጫፉን ድንጋይ ላይ ፈተግ ፈተግ ያደርጉታል፣ እንዲያበራ። ከዚያ ይጠብቃሉ። ከወገቡ የቀረው ሙቀት ወደ ጫፉ ይመጣል። ጫፉ ላይ ቀለም ይሮጣል። መጀመሪያ የስንዴ ገለባ፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ መጨረሻ ሰማያዊ። ገለባው 220 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሰማያዊው ወደ 300 ይጠጋል። አያቴ ገለባው አልፎ ቡናማው ብቅ ሲል ጭልጥ አድርገው ይነክሩታል። ጫፉ ድንጋይ ይችላል፤ ወገቡ አይሰበርም።

አሁን ዘመናዊ የተባለውን ፌሮ እንዴት እንደሚሠሩት ስሙ። ብረቱ ተስቦ ሲወጣ እንደጋለ ነው። በውሃ ግፊት ውስጥ ያሳልፉታል። ቆዳው ይነከራል፣ ሆዱ ግን እንደጋለ ይቀራል። ከውሃው ሲወጣ የሆዱ ሙቀት ወደ ቆዳው ተመልሶ ውጥረቱን ያረግበዋል። ውጩ ጠንካራ፣ ውስጡ ተለማጭ ይሆናል። ምን ልዩነት አለው? አንዱ በኮምፒውተር ይመራል፤ ሌላው በአንድ ሽማግሌ ዓይን።

በዚህ አዳራሽ ያላችሁ የፋብሪካ ሰዎች ይህን ዘዴ በውጭ ባለሙያ ለመማር ስንት እንደምትከፍሉ ታውቁታላችሁ። እኔ አልናገርም።

ሽማግሌው ሁሉን ያውቃል እያልኩ አይደለም። ይህን ለማለትም አልመጣሁም። አያቴ የሚስቱት ነበር። አንድ ጊዜ ባሌስትራው ክሮምየም ይኖረዋል፣ ሌላ ጊዜ ሲሊከን። ለዓይን አንድ ናቸው። ለአንዱ የሚስማማው ውሃ ሌላውን ይሰነጥቀዋል። ብዙ ባሌስትራ ዘይት ነው የሚፈልገው፤ ዘይት ቀስ አድርጎ ያቀዘቅዛል። ይህን የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። እኔ ስማር እሳቸው አርፈዋል።

አሁን የምንከፍተው ክፍል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ለምሳሌ ልስጣችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ውሃ እዚህ በ100 ሳይሆን በ91 ዲግሪ ግድም ይፈላል። ብረት ስትነክሩ በዙሪያው የእንፋሎት ልብስ ይፈጠራል፤ ያ ልብስ ቅዝቃዜውን ያዘገያል። አየሩም ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ወናፍ የሚነፋ ልጅ እዚህ የበለጠ ይደክማል። ምስክሩ እኔ ነኝ። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ውሃቸው የሚፈላው በ100 ነው። እዚህ ምን ያህል ይለያል? መሣሪያው አለ፣ ውሃው አለ፣ ብርዱም አለ። ተማሪዎች፣ ይህ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው፤ የውጭውን መቅዳት ይብቃን።

ሰዓት የሚይዘው ልጅ እጁን አነሳ። ገና ሦስት ገጽ ነበረኝ። እዘለዋለሁ።

ቶሎ ቶሎ ልበል። ቁርጥራጭ ስትገዙ በሞረድ ድንጋይ ፈትሹት፤ ካርቦኑ የበዛ ብረት ብልጭታው ይበዛል፣ እንደ ኮከብ ይፈነዳል። ማግኔትም ያዙ፤ ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ይተዋል፤ ዓይን ለደከመ ሰው ትልቅ ምርኩዝ ነው። ባሌስትራ የምትበይዱ ልጆች ሳታሞቁ አትበይዱ፤ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። መነጽር አድርጉ። ጋለቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ብረት ሲበየድ ስለሚወጣው ጭስ ልናገር ነበር፤ መርዝ ነው፣ ሌላ ቀን።

ክፍሉን በተመለከተ አንድ ነገር ጠይቄ ፈቅደውልኛል። ከማይክሮስኮፑና ከጠጣርነት መለኪያው ጎን አንድ ወናፍ ተተክሏል። ዛሬ መጀመሪያ የሚሠሩት ከፊት ወንበር የተቀመጡት አባታችን ናቸው። ከአንኮበር በታች ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥተው ነው የመጡት። ማረሻ ይነክራሉ። ተማሪዎቹ ቆርጠው፣ አለስልሰው፣ በማይክሮስኮፕ ያዩታል። ያዩትን ለእሳቸው ያሳያሉ። ከዚያ እሳቸው ይጠይቃሉ።

ሻይ በዋንጫም በስኒም ቀርቧል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።

መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ጋርደናቸዋል። ስትገቡ እባካችሁ በሩን ዝጉት።