ደካማ ቡድን ከሊጉ ይውጣ? የአድማጮች ጥያቄና የአሰልጣኙ መልስ

ባለፈው ሳምንት ከጎንደር በሚተላለፈው የስፖርት ሰዓታችን አንድ ወጣት ደውሎ «የአሜሪካው የወንዶች ቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ 30 ቡድን ምን ያደርግለታል? ደካሞቹን አፍርሶ በጠንካሮቹ ብቻ ይጫወት» ካለ ወዲህ ስልካችን ፋታ አላገኘም። ዛሬ ለረጅም ዓመታት ቅርጫት ኳስ የተጫወቱና ያሰለጠኑ እንግዳችን ለጥያቄዎቻችሁ መልስ ሰጥተዋል። የውጭዎቹ ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከማራኪ የደወለ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ጋሼ፣ እኔ ጨዋታ ለማየት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል እነሳለሁ። ከታች ያሉት ሲጫወቱ ግን እንቅልፌ ይቆጨኛል። አራት አምስቱ ቢቀነሱ ጥሩ ጥሩ ተጫዋቾች በቀሩት ውስጥ ተሰብስበው ጨዋታው አያምርም?

መልስ፦ ልጄ፣ ይህን ያልከው አንተ ብቻ አይደለህም። ታዋቂው ተጫዋች ሌብሮን ጄምስም በ2010 መጨረሻ ላይ የ1980ዎቹ ሊግ ያማረው በየቡድኑ ብዙ ኮከብ ስለነበረ ነው ብሎ ትልቅ ወሬ አስነስቷል፤ በኋላ ቡድን ይፍረስ ማለቴ አይደለም ቢልም። በዚያ ዘመን አብዛኛውን ጊዜ 23 ቡድን ብቻ ነበር። ነገር ግን ተጫዋቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም አሜሪካዊ ነበር። ዛሬ ከ40 በላይ ከሆኑ ሌሎች አገሮች የመጡ ከ120 በላይ ተጫዋቾች አሉ። ቡድኑ በዝቷል፣ ተጫዋች የሚቀዳበት ምንጭ ደግሞ ከዚያ በላይ ሰፍቷል።

ሌላው ነገር፣ የትኛውን እንቀንስ? በ2013/14 ሚልዋኪ ከ82 ጨዋታ ያሸነፈው 15 ብቻ ነው። ያን ጊዜ ድምፅ ብንሰጥ መጀመሪያ የምናፈርሰው እሱን ነበር። በዚያው ቡድን ተጠባባቂ ወንበርና ሜዳ መካከል የሚመላለስ፣ ከናይጄሪያውያን ወላጆች ግሪክ የተወለደ፣ ቡድኖች አዳዲስ ወጣቶችን በተራ በሚመርጡበት ድራፍት 15ኛ ሆኖ የተመረጠ አንድ ቀጭን ልጅ ነበር፤ ያኒስ አንቴቶኩምፖ። በ2021 ዋንጫውን አነሱ። ዲትሮይት በ2023/24 በተከታታይ 28 ጊዜ ተሸንፎ ዓመቱን በ14 ድል ጨረሰ፤ በቀጣዩ ዓመት 44 ጨዋታ አሸነፈ። ለእኔ ደካማ ቡድን ማለት ብዙ ጊዜ ሥራውን ያልጨረሰ ቡድን ነው።

እንቅልፍህን የሚያስቆጨው ግን ሌላም ነገር አለ፤ ሆን ብሎ መሸነፍ። በድራፍት ምርጥ ወጣት ለማግኘት ከታች መሆን ስለሚጠቅም፣ አንዳንዱ ቡድን ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ ጥሩ ተጫዋቹን ያስቀምጣል። ሊጉ በ2019 የመጨረሻዎቹ ሦስት ቡድኖች የመጀመሪያውን ምርጫ በዕጣ የማግኘት ዕድላቸው እኩል 14 በመቶ እንዲሆን አድርጓል፤ ቀድሞ የመጨረሻው ብቻውን 25 በመቶ ነበረው። እኔን ብትጠይቀኝ አልበቃም። ሁለት ዓመት በተከታታይ ከታች የተቀመጠ ቡድን አንደኛውን ዕጣ ጨርሶ ባያገኝ እወዳለሁ። ቡድን ከማፍረስ በፊት መሸነፍን የሚሸልመው ሕግ ይፍረስ።

ከአዘዞ የደወሉ ነጋዴ፦ አሰልጣኝ፣ እኔ ሱቄ ካከሰረኝ እዘጋዋለሁ። እነሱ የከሰረውን ለምን ይቀልባሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንግዲያው እንደ ነጋዴ እናስላው። በ2012 ሻርሎት 7 አሸንፎ 59 ተሸነፈ፤ በኤንቢኤ ታሪክ ከዚያ የከፋ የድል መቶኛ ያስመዘገበ የለም። ማይክል ጆርዳን የዚያን ቡድን አብላጫ ድርሻ በ2023 ሲሸጥ ቡድኑ የተገመተው በ3 ቢሊዮን ዶላር ነው። እና ሁለት ቡድን ለማፍረስ ባለቤቶቹን ማስለቀቅ አለብዎት፤ በዚህ ዋጋ 6 ቢሊዮን ዶላር። ለቀሩት 28 ሲካፈል እያንዳንዱ ከ210 ሚሊዮን በላይ ያወጣል። ምን ያገኛል? የቴሌቪዥኑ ውል ለ11 ዓመት 76 ቢሊዮን ነው። ለ30 ሲካፈል ለአንዱ በዓመት በአማካይ 230 ሚሊዮን ገደማ፣ ለ28 ሲካፈል 246 ገደማ ይደርሳል። ልዩነቱ 16 ሚሊዮን ነው፤ ከገቢው ግማሽ ያህሉ ደግሞ ለተጫዋቾች ይሄዳል። ያወጡትን ለመመለስ ሃያ አምስት ዓመት አይበቃዎትም። የሚዘጋው ሱቅ ከስሮ ሳይሆን ዋጋው እየጨመረ ያለ ሱቅ ነው።

ስለማስለቀቅ ካነሳን አንድ ታሪክ ልንገርዎ። ኤቢኤ የሚባል ተፎካካሪ ሊግ በ1976 ሲዘጋ በመጨረሻ ከቀሩት ስድስት ቡድኖች አራቱ ወደ ኤንቢኤ ገቡ፤ ሳን አንቶኒዮ፣ ዴንቨር፣ ኢንዲያና እና ኔትስ። ሁለቱ እንዲፈርሱ ተወሰነ። የኬንታኪው ባለቤት 3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተቀብሎ ወጣ። የሴንት ሉዊስ ባለቤቶች የሲልና ወንድማማቾች ግን 2.2 ሚሊዮን ዶላር ወስደው፣ በዚያ ላይ አራቱ ቡድኖች ከቴሌቪዥን ከሚያገኙት ድርሻ አንድ ሰባተኛ ይሰጠን አሉ። እስከ መቼ? ሊጉ እስካለ ድረስ። ያን ጊዜ የቴሌቪዥኑ ገንዘብ ትንሽ ስለነበር ማንም አልከበደውም። ወንድማማቾቹ አንድም ጨዋታ ሳያዘጋጁ ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰቡ። በ2014 ሊጉ ከውሉ አብዛኛውን ለመቋጨት ሌላ 500 ሚሊዮን ከፈለ።

እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሌላው ነው። ባለቤቶቹ ሀብታም ሆኑ፤ የሴንት ሉዊስ ሕዝብ እስካሁን የኤንቢኤ ቡድን የለውም። ከዚያ በፊትም በ1958 ዋንጫ ያነሳላቸው ሆክስ በ1968 ወደ አትላንታ ሄዶባቸዋል። ገብተው የተረፉት ደግሞ፣ ሳን አንቶኒዮ አምስት ዋንጫ አነሳ፣ ዴንቨር በ2023 የመጀመሪያውን። ዴንቨርን ለዚያ ያበቃው ኒኮላ ዮኪች በድራፍቱ 41ኛ ነበር።

ከፒያሳ፣ የፋሲል ከነማ ደጋፊ፦ እኛ አገር የመጨረሻው ይወርዳል፣ ከታች ያለው ይወጣል። እነሱ ለምን እንዲህ አያደርጉም?

መልስ፦ ብችል የምመርጠው ይህንን ነበር። ወራጅ ቀጠና ውስጥ ያለ ቡድን በመጨረሻዎቹ ጨዋታዎች እንዴት እንደሚታገል በፋሲለደስ ስታዲየም ቆመን አይተናል። መውረድ መፍረስም አይደለም፤ መመለሻ በር አለው። ፋሲልም በ2013 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉ ሻምፒዮን የሆነው ከታችኛው ሊግ አድጎ መጥቶ ነው። በአሜሪካ ግን ባለቤቱ የሚገዛው ቡድን ብቻ ሳይሆን በሊጉ ውስጥ ያለ ቋሚ ወንበር ነው። ከሥር ያለው ጂ ሊግም በአብዛኛው የእነዚያው የኤንቢኤ ባለቤቶች ንብረት ስለሆነ የሚወጣ የራሱ ክለብ የለም። ማን ወርዶ ማን ይወጣል?

ከቀበሌ 18፣ መምህርት፦ በሴቶቹ ሊግ ቡድኖች ፈርሰዋል ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው እህቴ። የሂዩስተን ኮሜትስን ታሪክ ሳስበው አሁንም ይከነክነኛል። የሴቶቹ ሊግ ዳብሊው ኤንቢኤ በ1997 ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን አራት ዋንጫዎች በተከታታይ የወሰደው ይህ ቡድን ነው፤ ሲንቲያ ኩፐር፣ ሼሪል ስዉፕስ፣ ቲና ቶምሰን። በ2008 መጨረሻ ገዢ ጠፍቶ ተዘጋ። የሻምፒዮኖች ቡድን! ስለዚህ የሚፈርሰው ደካማው ነው የሚለው ራሱ ሁልጊዜ ልክ አይደለም፤ የሚፈርሰው ባለቤት ያጣው ነው። አሁን ያ ሊግ ተመልሶ እየሰፋ ነው። የፖርትላንድ ፋየር በ2002 ፈርሶ ነበር፤ በ2026 እንዲመለስ ሲወሰን በዚያው በድሮ ስሙ ነው። ከተማዋ ስሙን አልረሳችውም።

ከሳምና በር፣ በአጭሩ፦ ኤንቢኤ ራሱ ቡድን ያፈርሳል ብለው ያስባሉ?

መልስ፦ አይመስለኝም። ከሊጉ የፈረሰው የመጨረሻ ቡድን የባልቲሞር ቡሌትስ ነው፤ 1954። የኒው ኦርሊየንስ ባለቤት በ2010 ሲያቅተው ሊጉ ራሱ ገዝቶ አቆየው፣ በ2012 ለሌላ ሸጠው። የተጫዋቾች ማኅበሩም ዝም አይልም፤ በቡድን 15 መደበኛ ውል አለ፣ ሁለት ቡድን ሲፈርስ 30 እንጀራ ይዘጋል። ወሬው እንዲያውም ስለመጨመር ነው፤ ሲያትልና ላስ ቬጋስ ይነሳሉ።

በመጨረሻ የደወሉ የሰፈር ታዳጊዎች አሰልጣኝ፦ ጋሼ፣ እነሱ በቢሊዮን ይነጋገራሉ። የእኛ ቡድን በጀት የለም ተብሎ ሊዘጋ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ስለ ኤንቢኤ ይህን ያህል የምናገረው በዚህ ምክንያት ነው። እኔ የተጫወትኩበት ቡድን «ውጤት የለውም» ተብሎ ፈርሷል። ትልልቆቻችን ሌላ ቡድን አገኘን። የ14 እና የ15 ዓመት ልጆቹ ግን የሚሄዱበት አልነበረም፤ ኳሶቹ መጋዘን ተቆልፎባቸው እነሱ እቤት ቀሩ። ከእኔ የተሻለ የሚጫወቱ ሁለት ልጆች እዚያ ውስጥ ነበሩ፣ እስከ ዛሬ አውቃቸዋለሁ።

ውሳኔው እስኪመጣ አትጠብቅ። የልጆቹን ስም፣ ዕድሜና ትምህርት ቤት ጽፈህ ያዝ፤ በጀት የሚቆርጥ ሰው «አንድ ቡድን» ከማለት «ሃያ ልጅ» ብሎ መፈረም ይከብደዋል። የቅርባችሁን ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሜዳውን ከሰዓት በኋላ እንዲፈቅድላችሁ ጠይቅ። የወላጆችንም ፊርማ አሰባስብ። ስልክህን ለዝግጅቱ ክፍል ተው፤ ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ድረስ መጥቼ አብሬህ አሠለጥናለሁ፣ የማይነፋ ኳስም ካለ ይዘህ ጠብቀኝ።