ለቤታችን ቴሌቪዥን የትኛውን ገመድ እንግዛ? ማኛ ጤፍ፣ የዓባይ ድልድይ እና ኤችዲኤምአይ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ከበስተጀርባ የምትሰሙት ዝናብ ነው። ቤቱ የቆርቆሮ ክዳን ስለሆነ ሐምሌ ላይ ዝናቡ አብሮኝ ቪዲዮ ያዘጋጃል፤ ታገሱን።

ይህችን ገመድ ተመልከቱልኝ። ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ። ቢጫዋ ምስል ታመጣለች፣ ነጯና ቀይዋ ድምፅ። ያልገባችበት ቤት የለም። ባለፈው እንቁጣጣሽ አክስቴን ልጠይቅ ስሄድ ቴሌቪዥናቸው በዚህችው ገመድ ተያይዞ አገኘሁት። ቴሌቪዥኑ አዲስ ነው፣ ባለ 43 ኢንች፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ። ሪሲቨሩም አዲስ ነው። ምስሉ ግን ጉም የለበሰ የጮቄ ተራራ ይመስላል። ከሪሲቨሩ ጀርባ ጎንበስ ብዬ ባይ የኤችዲኤምአይ መሰኪያው (ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ የሚወጣበት ቀዳዳ) የፋብሪካ ክዳኑ እንኳን አልተነሣም።

«እትየ፣ ይህን ማን ገጠመልዎ?»

«የዲሽ ሠራተኛው ነዋ! ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ገመዱ ነው እንጂ።»

«ገመድማ ገመድ ነው ልጄ።»

ገመድማ ገመድ ነው! አያችሁ፣ አክስቴ ግማሽ እውነት ተናግረዋል። የዛሬው ቪዲዮ ስለ ሌላው ግማሽ ነው።

አሁን ወደምወዳት ምሳሌ ልግባ። ቻናሉን የቆያችሁበት ታውቃላችሁ፤ እኔ ጤፍ ሳልጠራ ቪዲዮ አልጨርስም። የስልክ ባትሪንም ያስረዳሁት በጤፍ ነበር። አዲስ የመጣችሁ ደግሞ ሰብስክራይብ አድርጉና ትለምዱታላችሁ።

አንድ የቢቸና ገበሬ ማኛ ጤፍ አምርቶ ወደ አዲስ አበባ ጫነ እንበል። መኪናው ደጀን ይደርሳል፣ ቁልቁለቱን እየተጠማዘዘ ይወርዳል፣ የዓባይን ድልድይ ይሻገራል፣ ዳገቱን እያቃሰተ ወደ ጎሃ ጽዮን ይወጣል። ልጠይቃችሁ፤ ድልድዩ ጤፉን ያነጣዋል? ሰርገኛ ጭኖ የመጣ መኪና ድልድዩን ሲሻገር ጭነቱ ማኛ ይሆንለታል? ቢሆንማ ኖሮ የደጀን ሰው ሁሉ ጤፍ አሻጋሪ በሆነ ነበር። የጤፉ ነገር ያለቀለት ማሳው ላይና አውድማው ላይ ነው። ድልድዩ የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተጫነውን ሳያፈስ ማሻገር።

ገመድም ድልድይ ነው። ማሳው ጣቢያው ነው፣ ወይም ፍላሽ ላይ ያለው ፊልም። ገበያው ቴሌቪዥኑ ነው። በስልክ ተቀርጾ በስልክ ተልኮ የመጣ የሠርግ ቪዲዮ በምንም ገመድ ቢሻገር ሰርገኛ ነው። በቃ፣ ሰርገኛ ነው።

ምሳሌዋ ገና አላለቀችም፤ ቁጭ በሉ። እዚያው ሸለቆ ውስጥ ሁለት ድልድዮች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንዱ ጠባቡ አሮጌ ድልድይ ነው። ሌላው በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የህዳሴ ድልድይ ነው። የአክስቴ ቢጫ ገመድ አሮጌው ድልድይ ናት። ጣቢያው 1080 መስመር ያለው ምስል ይልካል፤ ሪሲቨሩ ግን በቢጫዋ በኩል ከ576 መስመር በላይ ማሳለፍ ስለማይችል አሳንሶ ይልከዋል። ግማሽ ያህሉን ጭነት ደጀን ላይ አራግፎ እንደ መሻገር ነው። አዲሱ ቴሌቪዥን የደረሰውን ጎትቶ ለማስፋት ይሞክራል፤ ጉሙ የመጣው ከዚያ ነው።

ታዲያ ሰፊው ሁሉ ይሻላል ማለት ነው? ሰፊ ድልድይ ማየት የፈለገ ባሕር ዳር ይሂድ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። ያማረ ነው፤ ማታ ማታ መብራቱን ለማየት ብቻ የሚሄድ ሰው አለ። ግን አንዲት አህያ ጤፍ ጭና 43 ሜትር ስፋት ባለው ድልድይ ላይ ስትሄድ ፈጥና ትደርሳለች? አህያዋ ያው በአህያ እርምጃ ነው የምትሄደው። ለዲሽ ሪሲቨር እጅግ ውዱን ገመድ የሚገዛ ሰው ለአህያው 43 ሜትር ያስጠረበ ሰው ነው።

አሁን ቁጥሮቹን ቶሎ ልበላቸው። ኤችዲኤምአይ በ2002 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የወጣ ነው፣ 19 እግር አለው፣ ምስልና ድምፅ አብሮ ይሸከማል። ገመዶቹ በደረጃ ይለያያሉ። «ሃይ ስፒድ» የተባለው በሰከንድ 10.2 ጊጋቢት ያሳልፋል (ጊጋቢት የጭነቱ መለኪያ ነው በሉት)፤ ለ1080 ምስል ይተርፋል። «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» 18 ጊጋቢት ነው፤ ፎርኬን፣ ማለትም ባለ 2160 መስመሩን ምስል፣ በሰከንድ 60 ምስል ያሻግራል። «አልትራ ሃይ ስፒድ» 48 ጊጋቢት ነው፤ ለአዳዲስ የጌም ማጫወቻዎችና በሰከንድ 120 ምስል ለሚያሳዩ ቴሌቪዥኖች። ሰማያዊ ጫፍ ያላት ባለ 15 እግሯ የኮምፒውተር ገመድ ቪጂኤ ትባላለች፤ ድምፅ አትሸከምም፣ ሌላ ካላጣችሁ ተዉአት። ዋና ዋናዎቹ ደረጃዎች እነዚህ ናቸው። ያመለጣችሁ ወደኋላ መልሳችሁ ስሙ፤ እኔ አልደግምም።

እዚህ ላይ ላቆም ነበር፤ ግን አላስቆም ያለኝ ነገር አለ። ስለ ገመድ ባነሣሁ ቁጥር «ወርቅ የተቀባው ገመድ ምስሉን ያጠራል፣ ቀለሙን ያደምቃል» የሚለኝ አይጠፋም። አንድ የእንጅባራ ተመልካች እንዲያውም «አንተ ድሃ ስለሆንክ ነው» ብሎኛል። ድህነቴን አልክድም። ወርቁን ግን እንነጋገርበት።

ቢጫዋ ገመድ ምስሉን የምትልከው ከፍና ዝቅ በሚል ሞገድ ነው። እሷ ላይ ገመዱ ቀጭንና ርካሽ ከሆነ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ጥላ ያወጣል፣ ቀለሙ ይለቃል። ያኔ «ጥሩ ገመድ ያጠራዋል» ማለት እውነት ነበር። ወሬው ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። በኤችዲኤምአይ የሚሄደው ግን ዜሮና አንድ ነው፤ አፉ ተሰፍቶ፣ ተቆጥሮ የተጫነ ጆንያ። መቶ ጆንያ ተጭኖ መቶ ከደረሰ ድልድዩ የወርቅ ሐዲድ ቢኖረው ጤፉ ላይ ምን ይጨምራል? ምንም። ጆንያ ሲጠፋ ደግሞ የሚታየው መደብዘዝ አይደለም። ነጫጭ ነጥቦች ብልጭ ብልጭ ይላሉ፣ ምስሉ ይቆራረጣል፣ ወይም ጭራሽ ይጠቁራል። ስለዚህ ምስላችሁ ጥርት ብሎ እየመጣ ቀለሙ ብቻ ከፈዘዘባችሁ ገመዱን አትክሰሱት፤ ሪሞቱን አንሡና የቴሌቪዥኑን የቀለም ማስተካከያ ተመልከቱ።

ወርቁ ሥራ የለውም ማለቴ አይደለም። ወርቅ አይዝግም። ሐይቁ ዳር ለምትኖሩ ባሕር ዳሮች፣ ወይም ገመዱን በየቀኑ ለምትነቅሉና ለምትሰኩ ጫፉ እንዳይበላ ይረዳል። ምስሉን ግን አያጠራም። ለእንጅባራው ወንድሜ ሁለት ገመዶች እየቀያየርኩ አንድ ዓይነት የቆመ ምስል አሳይቻለሁ፤ የአንዱ ዋጋ የሌላውን አሥር እጥፍ ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከለየ ጠጁን እኔ ነኝ የምገዛው።

ሻጭ ደግሞ «ይህ ሁለት ነጥብ አንድ ነው» ብሎ ከላዩ የተጻፈ ቁጥር ሲያሳያችሁ ፈገግ በሉ። የኤችዲኤምአይ ባለቤቶች ደንብ ገመድ ላይ የስሪት ቁጥር መጻፍን አይፈቅድም። የምትፈልጉት የደረጃውን ስም ነው። ከ«ፕሪሚየም» ጀምሮ ደግሞ ማሸጊያው ላይ በስልክ የሚነበብ ማረጋገጫ አለ።

ጥራት በእርግጥ የሚፈተነው በርዝመት ነው። አምና ለወዳጄ የኳስ ማሳያ አዳራሽ 15 ሜትር ቀጭን ገመድ ጎተትኩለት። ጨዋታው ተጀመረ፤ ሜዳው ላይ ከዋክብት ዘነቡ። ኳሷ የትኛዋ ነጭ ነጥብ እንደሆነች ለማወቅ ሕዝቡ ተከራከረ። ግብ ሲገባ ጭራሽ ጠቆረ። እንዴት ከዚያ እንደወጣሁ አልነግራችሁም። በማግስቱ ሪሲቨሩን ከማሳያው ሥር አስቀመጥኩ፣ የሁለት ሜትር ገመድ ሰካሁ፣ አለቀ። የዲሹ ገመድ ይርዘም እንጂ ኤችዲኤምአዩ ይጠር። የግድ ረጅም ከሆነባችሁ በብርሃን የሚሠራ የፋይበር ገመድ አለ፤ ግን አቅጣጫ አለው፣ ለቴሌቪዥን የተባለው ጫፍ ወደ ቴሌቪዥን ነው፤ ከተገለበጠ ምንም አያሳይም።

ከውዱ ገመድ የተረፋችሁን ገንዘብ ስታብላይዘር (የመብራቱን ከፍና ዝቅ ማለት የሚያስተካክል ዕቃ) ግዙበት። ይህ የኔ ሃይማኖት ነው። ገመዱን ስትሰኩም ሁለቱንም ዕቃ ከሶኬት ንቀሉ። መብረቅ ሲያጉረመርም ደግሞ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ አውጡ፤ በዲሹ የገባ መብረቅ በኤችዲኤምአዩ አልፎ ቴሌቪዥኑ ድረስ ይሄዳል። እንዲያውም አሁን እየቀረበ ነው፤ እኔም ልነቅል ነው።

አክስቴን ረስቻቸው አይደለም። ክዳኑን አንሥቼ ተራ የሁለት ሜትር ገመድ ሰካሁ፣ ሪሞቱ ላይ «ሶርስ» የሚለውን ተጭኜ ኤችዲኤምአይ አንድን መረጥኩ። ዜና ነበር። አክስቴ መነጽራቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉ።

«ይህ ሰውዬ ይህን ሁሉ ዘመን ጢም ነበረው?»

ባለ ሦስት ቀለሟን ልጥል ስል ከእጄ ነጠቁኝ። አሁን የዶሮ ቤቱ በር በእሷ ነው የሚታሰረው።