ደብዳቤው የመጣው መቶ ዓመት ሲሞላቸው ነው

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄ ጎርነን ካለባችሁ የሌሊት ሥራ አድሬ ስለመጣሁ ነው። ተኝቼ ተነስቼ ልቅዳው ብዬ ነበር፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ነገሩ ሆዴ ውስጥ ተቀምጧል።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ እኔ ለንደን ውስጥ ኬር ነው የምሠራው። ቤት ለቤት እየሄድኩ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ከማያቸው ሰዎች አንዱ አይሪሽ ናቸው። ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልናገርም። ስለሳቸው እንዳወራ ግን ራሳቸውም የወንድማቸው ልጅም ፈቅደውልኛል። «አ ስቶር» ይሉኛል። በአይሪሽ ቋንቋ ሀብቴ፣ የኔ ውድ እንደማለት ነው። እኔ በልቤ አባባ ነው የምላቸው።

አባባ የተወለዱት በ1923 ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ። የአየርላንድ ነፃ መንግሥት የቆመው በ1922 መጨረሻ ስለሆነ መንግሥቱና እሳቸው እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል። ሜዮ በሚባል የምዕራብ አውራጃ፣ ድንጋይ በበዛበት ትንሽ መሬት ላይ አደጉ። ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላቸው አንድ ሻንጣ ይዘው ከደን ሊሪ ወደብ በመርከብ ሆሊሄድ፣ ከዚያ በባቡር ለንደን ገቡ። ለአንድ ክረምት ነበር አሉኝ። ይቺን «ለአንድ ክረምት» የምትለዋን ከስንት ሰው አፍ ሰምቻታለሁ!

እሳቸው ብቻ አይደሉም። በ1950ዎቹ ብቻ ወደ 400,000 ሰው ከአየርላንድ ወጥቷል፣ የሀገሩ ሕዝብ በሙሉ ደግሞ ሦስት ሚሊዮን እንኳን አይሞላም ነበር። ሴቶቹ ነርስ፣ የሆቴል ሠራተኛ፣ የቤት ሠራተኛ ሆኑ። ወንዶቹ ቆፈሩ። ጠዋት በጨለማ ካምደን ወይም ክሪክልዉድ መንገድ ዳር ይቆማሉ፣ ልክ እኛ አገር የቀን ሠራተኛ ተሰብስቦ እንደሚጠብቀው፣ ከዚያ መኪና ይመጣና «አንተ፣ አንተ፣ አንተም» ብሎ ጭኖ ይሄዳል፣ የተረፈው ባዶ እጁን ይመለሳል። አባባ በ1960ዎቹ ቪክቶሪያ የሚባለው የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር መስመር ሲሠራ ከመሬት በታች ቆፍረዋል። እኔ በየቀኑ ወደ ሥራ የምሄደው በዚያ ባቡር ነው። ይህን የነገሩኝ ቀን ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ መጣሁ።

ብዙዎቹ እጅ በእጅ ነበር የሚከፈላቸው። የጡረታ መዋጮ የሚቆርጥላቸው የለም። ያኔ ጥሩ ይመስላል፣ ሙሉውን ኪስህ ታስገባለህ። ከሰላሳ ዓመት በኋላ ግን ወገብህ ሲያልቅ፣ ጉልበትህ ሲከዳህ፣ ሠርቻለሁ ብለህ የምታሳየው ወረቀት የለህም። ያላገቡ፣ ልጅ የሌላቸው፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ያረጁ ስንቶች አሉ። ኬር ሥራ ላይ ያላችሁ እነዚህን ክፍሎች ታውቋቸዋላችሁ።

ያ ሁሉ ሲሆን ገንዘቡ ወደ ቤት ይሄድ ነበር። በየሳምንቱ በፖስታ። በ1961 ከውጭ ወደ አየርላንድ የተላከው ገንዘብ 13.5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት ሀገሪቱ ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያወጣችው ወደ 14 ሚሊዮን ነው። እስቲ አስቡት። ለንደን ጭቃ ውስጥ የቆሙት ሰዎች የላኩት ገንዘብ ሀገር ሙሉ ልጅ የሚማርበትን ያህላል ማለት እኮ ነው።

ታዲያ መቶ ዓመት የሞላቸው ቀን ደብዳቤ መጣ። ከአየርላንድ ፕሬዚዳንት፣ ያኔ ማይክል ሂጊንስ ነበሩ። እንኳን አደረሰዎ የሚል፣ ፊርማቸው ያለበት፣ ከ2,540 ዩሮ ቼክ ጋር። አየርላንድ መቶ ዓመት ለሞላው ሰው ይህን ትሰጣለች። ከመቶ አንድ ጀምሮ ደግሞ በየልደቱ አንድ የመታሰቢያ ሳንቲም ይላካል። ድሮ ይህ ሀገር ቤት ላሉት ብቻ ነበር። በ2006 ነው በአየርላንድ ደሴት ተወልደው በውጭ ለሚኖሩ ዜጎች የተፈቀደው። ግን ማመልከት ያስፈልጋል፣ የልደት የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። የአባባን ወረቀት የጨረሰችው የወንድማቸው ልጅ ናት። ዘመድ የሌለው ሰውስ? እኔ ይሄ ያሳስበኛል።

ቼኩን አላዩትም፣ እውነቴን ነው። ደብዳቤውን ነው የያዙት። ዓይናቸው ስለደከመ አንብቢልኝ አሉኝ፣ አነበብኩ። ድገሚው አሉኝ፣ ደገምኩ። ከዚያ ዝም አሉ። ረጅም ዝምታ። ቆይተው «ያለሁበትን ያውቃሉ ማለት ነው» አሉ።

እኔ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አሁን ደግሞ ደስ ያላለኝን ልናገር። መቶ ዓመት በጣም ሩቅ ነው። ከአባባ ጋር በዚያ መርከብ የመጡት ጓደኞቻቸው ስልሳ ሳይሞላቸው፣ ሰባን ሳይደርሱ አልፈዋል። አቧራው፣ መጠጡ፣ ብቸኝነቱ በላቸው። ለእነሱ ደብዳቤ አልደረሰም። ደግሞም አባባ የፈረሙላቸውን ፕሬዚዳንት መምረጥ አይችሉም፣ ምክንያቱም ውጭ የሚኖር አይሪሽ በፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፅ የለውም። ፓስፖርቱ አለ፣ ደብዳቤው አለ፣ ድምፁ ግን የለም። ይሄ ትክክል አይመስለኝም።

ግን ምንም አልተደረገም ብል ውሸት ነው። በ1990 ሜሪ ሮቢንሰን ፕሬዚዳንት ሲሆኑ በቤተ መንግሥቱ መስኮት ላይ መብራት አበሩ፣ ውጭ ላሉት ሁሉ፣ አልረሳናችሁም ለማለት። አባባ ስለዚያ መብራት ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ከ2004 ጀምሮ ደግሞ መንግሥቱ በውጭ ያሉ አይሪሾችን ለሚረዱ ድርጅቶች በጀት መድቦ ይሰጣል፣ በተለይ ሽማግሌዎቹን ለሚረዱት። ካምደን ያለው የለንደን አይሪሽ ማዕከል አንዱ ነው። ምሳ አለ፣ ወሬ አለ፣ ቅጽ የሚሞላላቸው ሰው አለ። ለእኔ ከቼኩ የሚበልጠው ይሄ ነው። ሰባ አምስት ዓመቱ ላይ በሩን የሚያንኳኳለት ሰው ያገኘ ሽማግሌ መቶን ላያይ ይችላል፣ ብቻውን ግን አይሞትም።

መመለስ ለሚፈልጉም ሴፍ ሆም የሚባል ድርጅት አለ፣ በ2000 እዚያው ሜዮ ውስጥ የተጀመረ። ለምን አልሄዱም ብዬ ጠየቅኳቸው። «ማንን ላገኝ? የማውቃቸው በሙሉ መቃብር ናቸው» አሉ።

ከዚያ እሳቸው ጠየቁኝ። ያሳደገችኝ አክስቴ ቤይሩት ሰው ቤት 22 ዓመት ሠርታ በ2020 ነው የተመለሰችው። ይህን ነግሬያቸው ነበር፣ አልረሱም። «ለአክስትሽስ ማን ጻፈላት?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? እኛን ትምህርት ቤት ያስገባችን፣ የአያቴን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰችው በዚያ ሐዋላ ነው። የውጭ ምንዛሪ ሲባል በዜና የምንሰማው እኮ እሷ ናት፣ የእሷ ወገብ ነው። ለእኛም ቢጫ ካርድ አለ፣ ሌላ ዜግነት ለያዘው። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ይጠቅማል፣ አልክድም። አክስቴ ግን ዜግነቷን አልቀየረችም። ካርድም አላስፈለጋት፣ ደብዳቤም አልመጣላትም። እኔም ራሴ በየሳምንቱ እየደወልኩላት አንድም ቀን አመሰግንሻለሁ ብያት አላውቅም። እንዲህ አይባልም በእኛ ቤት።

ስለዚህ ጻፍኩላት። በእጄ፣ በወረቀት፣ ሁለት ገጽ። ዓመቶቹን ቆጥሬ፣ የላከችውን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ጫማውን፣ ያቺን ሰማያዊ ጃኬት ሳይቀር ጻፍኩ። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁት።

ደርሷት ትናንት ማታ ደወለች። «ምን ሆነሽ ነው? አመመሽ እንዴ?» ነው መጀመሪያ ያለችው። ደህና ነኝ አልኳት። ደብዳቤውን የጎረቤት ልጅ ነው ያነበበላት፣ ሁለት ጊዜ አስነብባዋለች። የት አደረግሽው አልኳት። ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከአሮጌው ፓስፖርቷ ጋር።